የማትሄደው መኪና ዋስ

ግራዝማች ገላው በቢቸና ብቸኛው ባለመኪና ነበሩ። መኪናዋ ግን አትሄድም። በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ግሪክ መንገድ ሠሪ ገዝተዋት፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ግቢያቸው በክብር ከመጣች በኋላ ቆመች፤ ቆማም ቀረች። ይህ የግራዝማችን ክብር አልቀነሰውም። በየስብሰባው "ባለመኪናው ከፊት ይቀመጡ" ይባልላቸዋል። ባለመኪና ራሱ አይነዳምና ከሰዓት በኋላ ከኋላ ወንበሯ ተቀምጠው የዓምናውን ጋዜጣ ያነባሉ። ሹፌር ስላልቀጠሩ በሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ አሰጋሽን ግን ይህ ክብር ከዝናብ አላስጠለላቸውም። የቤቱ ክዳን ሣር ነው፤ ሰባት ክረምት አፍስሷል። "ዘንድሮ በቆርቆሮ እናስከድነዋለን" የተባለውም ሰባት ጊዜ ነው። ሐምሌ ሲገባ እሳቸው አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲገፉ ያድራሉ፤ ግራዝማች ትራሳቸውን ይዘው መኪናዋ ውስጥ ይገባሉ።

በ1964 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ "እሷ ቆርቆሮ አላት፣ እኔ የለኝም" አሉ። "ወይ ይሽጧትና ቤቱ ይከደን፣ ወይ እኔ እሷ ውስጥ ልግባና እርስዎ ቤት ይደሩ።"

ግራዝማች አንድ ሳምንት አሰቡበት። የኋላ ወንበሯ ለሁለት እንደማይበቃ ስላወቁ ለመሸጥ ተስማሙ።

ገዢው ከሞጣ መጣ። ታዘበው ይባላል፤ ሞተሯን ለወፍጮው ፈልጎ ነው። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ዞር ብሎ ከኋላዋ አያት፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አያት።

"ጥርሷንስ አታይም?" አሉ ግራዝማች።

"ነውሯን ይንገሩኝ፣ ጌታዬ።"

"አትሄድም።"

"ሌላስ?"

"ከዚህ ወዲያ ምን ይቅራት?"

በአገሩ ደንብ በሬ የሚሸጥ ሰው የበሬውን ነውር ሳይደብቅ ተናግሮ ዋስ ይጠራል። በሬው እንደተነገረው ሆኖ ካልተገኘ ሽያጩ ይፈርሳል። ለመኪና የወጣ ሌላ ደንብ ስላልነበረ በዚሁ ተሠራ። ዋስ የሆኑት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። "ይህች መኪና አትሄድም፤ ለዚህም እኔ ዋስ ነኝ" ብለው ፈረሙ። የአርባ ቆርቆሮና የሚስማሩ ዋጋም መኪናዋ ከግቢ እስክትወጣ እሳቸው ዘንድ ተቀመጠ።

በማግስቱ ታዘበው እስከ ሞጣ የሚጎትቱ ስምንት በሬዎች ኪራይ ሲጠይቅ ዋጋው አስደነገጠው። አብሮት የመጣውን መካኒክ ውበቴን "እስቲ ነካ ነካ አድርጋት" አለው። ውበቴ ጎማዎቿን ነፋ፣ ከአየር ማጣሪያዋ የአይጥ ጎጆ ከነቤተሰቡ አወጣ፣ ባትሪ ቀየረላት፣ ቤንዚን አጠጣት፣ ሞተር ማስነሻ ብረቱን፣ ማኑቬላውን፣ ሁለት ጊዜ አዞረ። መኪናዋ ተነሳች። ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ፊት ስትሄድ ዶሮዋ በመስኮት ወጣች።

ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት ግራዝማች ጋዜጣቸውን አጠፉ።

"ሽያጩ ፈርሷል" አሉ።

"ምን በድዬ?" አለ ታዘበው።

"እኔ የሸጥኩልህ የማትሄደዋን ነው። ይህቺ ትሄዳለች። ይህቺን አልሸጥኩም።"

"ኧረ ጌታዬ! ስለሄደች ከፋኝ አልኩ እንዴ?"

"ጉዳዩ የአንተ መከፋት አይደለም" አሉ ተጠርተው የመጡት መሪጌታ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። "ጉዳዩ የእኔ ቃል ነው። አትሄድም ብዬ ፈርሜ ሄደች። ነገ ስለ ነፍስ ብናገር ማን ያምነኛል?"

ወይዘሮ አሰጋሽ ቆርቆሮው ከእጃቸው ሲወጣ ታያቸው።

"ሦስት እርምጃ ሄደች ይባላል እንዴ፣ መሪጌታ? ሦስት እርምጃማ ሰካራምም ይሄዳል።"

ይህ ነገር መሪጌታን አሳሰባቸው። ብዙ ካወጡ ካወረዱ በኋላ ፈረዱ፦ ነገ ጠዋት በሰው ፊት መኪናዋ ትነሳ። ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ከደረሰች ሽያጩ ፈርሶ የግራዝማች ትሁን። ካልደረሰች የታዘበው ናት፤ ገንዘቡም ይከፈላል።

ግራዝማች ወዲያው ሹፌር ያፈላልጉ ጀመር። ታዘበው ደግሞ ውበቴን ወደ ጎን ወሰደና አንድ ነገር ሹክ አለው።

"አይሆንም፣ ጋሼ" አለ ውበቴ ጮክ ብሎ። "እኔ መኪና አስነሳለሁ እንጂ አላስቆምም።"

በነጋታው ወይዘሮ አሰጋሽ ጠላ ደፍድፈው ጋኑን ይመርጉ ነበር። የጋን አፍ ሲመረግ ትንፋሽ ካሳለፈ ጠላው ይበላሻል፤ የእሳቸው ጋን በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ተንፍሶ አያውቅም። ሥራቸውን ሲጨርሱ ጭቃው ተረፈ። ግቢውን የሞላው ሰው ከመኪናዋ ፊት ቆሞ ሞተሯን ያያል። እሳቸው በኋላዋ ዞሩ። የጭስ ማውጫ ቧንቧዋን በጨርቅ ጠቀጠቁት፣ በላዩ ቅጠል አደረጉበት፣ ከዚያ በጭቃ መረጉት። ጅምር ሥራ ስለማይወዱ እጃቸውን በውኃ ነክረው አለሰለሱት።

ውበቴ ማኑቬላውን አዞረ። መኪናዋ አንድ ጊዜ አነጠሳትና ዝም አለች። ደግሞ አዞረ። ዝም። ሸሚዙን አውልቆ አዞረ።

"በርታ!" አሉ ግራዝማች ከኋላ ወንበር።

ውበቴ ሽቦውን ሁሉ ፈተሸ፣ ከሥሯ ገባ፣ በመጨረሻ ወደ ኋላዋ ሄዶ ጎንበስ አለ። ጭቃውን አየው። የአምስት ጣት መዳፍ ታትሞበታል። ቀና ሲል ወይዘሮ አሰጋሽ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆኖ በራቸው ላይ ቆመዋል። አልደበቁትም። ከበስተኋላቸው የሌሊቱ ዝናብ ገና ከጣራው ጠብ፣ ጠብ እያለ በገበቴ ይጠራቀማል።

ውበቴ እጁን በሱሪው ጠረገ።

"ሞተሯ አልቆላታል" አለ።

"ትናንት የሄደችውስ?" አሉ ግራዝማች።

"ስንብት ነበር።"

መሪጌታ አማተቡ፤ ቀለማቸው ተመለሰ። ገንዘቡን ለግራዝማች ሲዘረጉ ወይዘሮ አሰጋሽ ቀድመው በጭቃ እጃቸው ተቀበሉ።

ስምንቱ በሬዎች ተጠመዱ። ግራዝማች አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ እስከ ዋርካው ከኋላ ወንበሯ እንደተቀመጡ ይሂዱ። ተፈቀደላቸው። በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪናቸው ገበያ ወረዱ፤ ሰውም ተነሥቶ እጅ ነሳቸው።

ቢቸና ከዓይን ከተሰወረች በኋላ በሬዎቹ ተፈትተው፣ መኪናዋ ሞጣ የገባችው በራሷ መሆኑን ከሞጣ ገበያ የተመለሱ ሰዎች አወሩ። መሪጌታ ወሬውን ሰምተው፣ "እኔ ዋስ የሆንኩት ለቢቸና ነው" አሉ።

ሐምሌ ገባ። በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ ቤቱ እንደ ሞተር አገሣ። ግራዝማች ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ጓዳው ጥግ አስጠጉ፤ በመኪናዋ እንደለመዱት ከኋላ ተቀመጡና ጋዜጣቸውን ዘረጉ። ከዚያም ወደ ሚስታቸው ቀና ብለው አንድ ነገር ጮኹ።

ወይዘሮ አሰጋሽ ምን እንዳሉ አልሰሙም። ወለሉን አዩ፤ ደረቅ ነበር።