ሁለተኛው መስኮት አልከፈት አለ

አባቷን ብቻቸውን ጥላ መውጣት ካቃታት ወዲህ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ሥራዋን ወደ ቤት አምጥታዋለች። የላቦራቶሪው ውጤት ሁሉ የሚቀመጠው ሩቅ አገር ባለ፣ በኢንተርኔት በሚገባበት የክላውድ ሰርቨር ላይ ነው፤ እሷም እዚያ የምትገባው ከመኝታ ቤቷ ጥግ ካለው ዴስክቶፕ ነበር። አባቷ የረጅም መንገድ ሹፌር ነበሩ። አሁን ጡረታ መውጣታቸውንም ረስተውታል፤ በር ክፍት ካገኙ ውልቅ ነው። ስለዚህ የሳሎኑን በር ትቆልፍባቸዋለች።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ሰርቨሩን ሌባ እንዳይገባበት ብላ የይለፍ ቃሉን አስቀረችው። ከእንግዲህ የሚገባው ልዩ ቁልፍ የሚባለው ትንሽ ፋይል ያለው ሰው ብቻ ነው። ለላቦራቶሪው ኃላፊ «ውጤት ማሳየቱን ለአንድ አፍታ ላቁመው ነው» ብላ ደውላለት ነበር። ስክሪኑ ላይ ወደ ሰርቨሩ የገባችበትን መስኮት ሳትዘጋ በሁለተኛ መስኮት ብትሞክር፣ ሰርቨሩ «አይፈቀድም» አላት። ደገመች። አይፈቀድም።

«ምን ነካህ አንተ!» ብላ ወደ መጀመሪያው መስኮት ተመለሰች። ወደነበረበት ልትመልሰው ጣቷን ስታነሳ መብራት ድርግም አለ።

ኮምፒውተሩ በመጠባበቂያው ባትሪ ቆመ፤ ኢንተርኔቱ ግን ሄደ። መስኮቱ አልተዘጋም፣ አይሰማትምም። መብራት ቶሎ ከመጣ ይነቃ ይሆናል፤ ከተዘጋ ግን ተመልሳ አትገባም። ባትሪው ግን አሮጌ ነው፤ ከጠረጴዛው ሥር ጢጥ ጢጥ ይላል። ከወንበሯ ብትነሳም ባትነሳም የምታደርገው ነገር አልነበረም።

ከሳሎን የበር እጀታ ሲንገጫገጭ ሰማች።

«ልጄ፣ ክፈቺልኝ እንጂ! መኪናው ተጭኖ ይጠብቀኛል።»

«አባዬ፣ በሞቴ ትንሽ ይታገሱኝ።»

«ስንት ልታገስ? እስረኛ ነኝ እንዴ?»

ያን ጊዜ ባትሪው አንድ ረጅም ጩኸት ጮኸና ስክሪኑ ጠቆረ።

ስልኳ ወዲያው ጠራ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው። «ያቺ አፍታ አላለቀችም? ቀዶ ሕክምና ክፍል የደም ውጤት እየጠበቀ ነው!»

ሰበብ አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። «ራሴው ቆልፌበት ውጪ ቀርቻለሁ» አለች። «የክላውድ ድርጅቱ የአደጋ ጊዜ መግቢያ አለው፤ የሚከፈተው ግን በሆስፒታሉ ዳይሬክተር ስልክ ላይ በሚላክ ቁጥር ነው። እባክህ ሮጠህ እሳቸውን ያዝልኝ።»

ዳይሬክተሩ ከስብሰባ ተጎትተው ወጡ። ቁጥሩን በንዴት ጠሩላት፤ እሷም በስልኳ ጠባብ ስክሪን፣ አባቷ በሩን እየደበደቡ፣ እየተሳሳተች እያጠፋች ገባች። ለካስ ነገሩ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ሰርቨሩ ላይ የቁልፏ መለያ የተቀመጠበት ማህደር ማንም እንዲጽፍበት ተፈቅዶ ኖሯል። ሰርቨሩ እንዲህ ያለውን ቁልፍ አያምንም። ፈቃዱን አጠበበችው፣ ውጤት ማሳያውን አስነሳችው።

«መጣ! የደሙ ውጤት መጣ!» አለ ኃላፊው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዳይሬክተሩ ግን ከቤት መሥራት በቃ ብለዋል። ከነገ ጀምሮ ቢሮ ነሽ።»

«አባቴስ?»

«እኔ ምን ላድርግልሽ፣ እህቴ?»

«እሺ» አለች። ስልኩን ዘጋችና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።