አያ አላምረው ከአንሶላው ጀርባ

በ1931 ዓ.ም. የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ጣሊያኖች ጎንደር ውስጥ ከቅዳሜ ገበያ በታች በሚገኝ የእህል መጋዘን ላገሬው ሰው ሲኒማ አሳዩ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነው፣ መጋዘኑ መካከል ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሮ ነበር። አስተርጓሚው ምትኩ ይባላል፤ ቅኔ ቤት ያደገ፣ ጣሊያንኛውን ከመንገድ ሥራ ላይ የለቃቀመ ጎልማሳ ነው።

መጀመሪያ ወታደሮች ሲሰለፉ ታዩ። ምትኩ አላስተረጎመም፤ ሕዝቡም ዝም አለ። ቀጥሎ ድምፅ የሌለው የቆየ ፊልም መጣ፤ በገና ዋዜማ የሙታን መንፈስ የሚጎበኘው የአንድ ስስታም ሽማግሌ ታሪክ። ጽሑፍ ብቅ ባለ ቁጥር ምትኩ እያነበበ በአማርኛ ይተርካል። ስስታሙ በሩን ሲቆልፍ ሰዉ አንገቱን እያዞረ አያ አላምረውን ያይ ጀመር።

አያ አላምረው ግቢያቸው ውስጥ በጋ ከክረምት የማይነጥፍ የውሃ ጉድጓድ አላቸው፤ ክዳኑን ግን ቆልፈውበታል። ጎረቤታቸው ደብሪቱ እንስራዋን አዝላ ቀሃ ወንዝ ድረስ መመላለስ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ሽማግሌው እንደሚታዩ አውቀዋል፤ ዓይናቸውን ግን ከአንሶላው አልነቀሉም።

በፊልሙ ውስጥ መንፈሱ ስስታሙን እየመራ መቃብር አፋፍ ላይ ሲያደርሰው የሲኒማ ማሽኑ አምፖል ፈነዳ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ጣሊያናዊ ሌላ አምፖል ከአስመራ እስኪመጣ ሳምንት እንደሚፈጅ ነግሯቸው ወጣ። ከሕዝቡ ግን አንድም ሰው አልተነሣ።

መጀመሪያ የተናገሩት አያ አላምረው ናቸው። «ሞተ ወይስ ተረፈ?» አሉ።

ምትኩ ፊልሙን ከዚያ በፊት አይቶት ስለማያውቅ መጨረሻውን እንደማያውቅ ተናገረ። ያኔ በለቅሶ ቤት ግጥም በማውረድ የታወቀችው ደብሪቱ፣ እንግዲያው ራሳችን እንጨርሰው አለች። ከአንሶላው ጀርባ ፋኖስ ተለኮሰ። እሷ ነጠላዋን ከራስ እስከ እግሯ ተከናንባ መንፈስ ሆነች፤ ጥላዋ አንሶላው ላይ እስከ ጣሪያው ወጣ። ስስታሙን ምትኩ ሊሆን ተነሣ። ደብሪቱም ሰውየው መቃብሩ ውስጥ ቢገባ ይሻላል ስትል ሰዉ በሙሉ ተስማማ።

«ምነው ትገድሉታላችሁ?» አሉ አያ አላምረው። «ቆዩ፣ እሱን እኔ እሆነዋለሁ።»

በትራቸውን ይዘው ከአንሶላው ጀርባ ገቡ። ሰው ካሰበው በላይ ቻሉበት፤ እየተንቀጠቀጡ ተንበረከኩ፣ መንፈሱንም ለመኑት። ደብሪቱ ግን ታሪኩን ትታ ወደ ራሷ ጉዳይ ሄደች። በሌላ ቀን «እርስዎ» የምትላቸውን ሰው «አንተ» አለቻቸው።

«አንተ ሰው፣ ውሃህን ለምን ከለከልህ?»

የአያ አላምረው ጥላ ባለበት ቆመ። ለመንፈስ ሳይሆን ለጎረቤት በሚናገሩበት ድምፅ መለሱ።

«ይደርቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

ደብሪቱ ይህን አልጠበቀችም። ቁጣዋ ከአፏ ላይ ጠፋባት። «ደርቆ ያውቃል?» አለች በለሰለሰ ድምፅ።

«ኧረ አያውቅም።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ከአንሶላው ጀርባ የሽማግሌው ትከሻም በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ታየ። ምትኩ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ስስታሙ እንደተረፈ በይፋ አወጀ።

በማግስቱ የጉድጓዱ ክዳን ተከፈተ። አያ አላምረው በአንድ ቀን ሌላ ሰው አልሆኑም፤ ሴቶቹን በተራ እያሰለፉ፣ ውሃ ያፈሰሰችውን እየተቆጡ፣ ራሳቸው የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ይቀዱ ነበር። ደብሪቱን ግን ከሁሉ አስቀድመው፣ እንስራዋን በገዛ እጃቸው አሸከሟት።

ከሳምንት በኋላ አምፖሉ መጣና ፊልሙ እስከ መጨረሻው ታየ። የፈረንጁም ስስታም ተርፏል። ጣሊያናዊው፣ ሕዝቡ ፊልሙን እንዴት እንዳገኘው በምትኩ በኩል ሲጠይቅ፣ አያ አላምረው ቀድመው መለሱ።

«ሸጋ ነው በለው» አሉ። «መንፈሱ ግን የደብሪቱን ያህል አያስፈራም።»