የአናጢው የበኩር ልጆች

ሀዊ ከጭሮ ተነስታ ጅቡቲ ከገባች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው። የምትኖረው ሃያብለ ሰፈር፣ ከአክስቷ ከአፀደ ጋር በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነው። ፈረንጅ ቤት በተመላላሽ የምትሠራው አክስቷ ነገሩን በአጭሩ ቆርጣዋለች። ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ያለው ማኅበር፣ ለአዲስ ገብ ወጣቶች እንግሊዝኛ በነፃ ሊያስተምር ነውና፣ ከተቀበላት ትማር። ካልተቀበላት እሑድ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ አንድ ነጋዴ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ሆና ትገባለች። ሻንጣ የተባለው እንኳ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ፌስታል ነው።

የማኅበሩ ኃላፊ ማዳም ኡሙልኸይር ድሬዳዋ ያደገች ጅቡቲያዊት ስለሆነች አማርኛ እንደ ልቧ ነው። ወረቀት ከማደሏ በፊት ለልጆቹ በደንብ አስረዳቻቸው፦ ይህ የሚያልፉበት ፈተና አይደለም፤ ክፍሉ የተከፈተው ለማያውቅ ነው፤ ስለዚህ ያላወቁትን ባዶ ይተዉት።

ልጆቹ በአክብሮት አዳመጧት። አንዳቸውም ግን አላመኗትም። ከመቼ ወዲህ ነው ፈታኝ እውነት የሚናገረው? ፊት ወንበር ላይ ደግሞ ዮሳዲቅ ተቀምጧል፤ ድሬዳዋ ቱሪስት ሲያስጎበኝ ያደገ፣ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ የሚወርድለት ልጅ። እሱ ምን ሊሠራ መጣ ቢሉ፣ ብቻውን መዋል ሰልችቶት ነው። ክርኑን ፈቀቅ አደረገ፤ ይህ ደግሞ አስተርጓሚ የማይሻ ምልክት ነው። መልሱ ከወንበር ወደ ወንበር እየተላለፈ መጨረሻ ረድፍ ደረሰ። ሀዊም ነጥብ ሳትስት በሚያምር እጅ ጽሑፍ ገለበጠችው።

በማግስቱ ማዳም ፊቷ በርቶ ገባች። ወረቀቱን ያረመው ወጣት ፈረንጅ እንደተደነቀ፣ ሁሉም ግሩም እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ክፍሉ እንደማያስፈልግ ነግራ አጨበጨበችላቸው። ሲጨበጨብ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ነውና እነሱም አጨበጨቡ። ሀዊ እያጨበጨበች የነጋዴው ቤት ድስት በዓይኗ ዞረ።

ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀረች። ቀትር ላይ የዕለቱ ጫት ከተማ ከገባ እንኳን ማዳም በረኛዋም እንደማይገኝ ታውቃለች፤ የምትናገረው ካለ አሁን ነው። ግን ምን ትበል? ኮረጅን ብትል ዮሳዲቅን ማጋለጥ ነው። ኮራጅ ይቅር ይባላል፤ አሳባቂን ግን ለሠርግ እንኳ የሚጠራው የለም። ስለዚህ የራሷን ብቻ ተናገረች።

«ማዳም፣ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም።»

«ትሕትና ታውቂበታለሽ» አለች ማዳም ፈገግ ብላ፤ ቀጥላም በእንግሊዝኛ ስለ ቤተሰቧ እንድትነግራት ጠየቀቻት።

ሀዊ ከተባለው ሁሉ «ፋሚሊ» የምትለዋን ብቻ ለየች፤ ፈተናው ላይ ነበረች። የጻፈችው አምሯት በቃሏ እየደጋገመች አክስቷን ስታሰለች ያመሸችበት ስለሆነ፣ ሳትጠራው በእንግሊዝኛ ከአፏ ወረደ፦ አባቴ አናጢ ነው፤ እኔ የበኩር ወንድ ልጁ ነኝ፤ ዘንድሮ ጢም መላጨት ጀምሬያለሁ።

ማዳም የሀዊን ጉንጭ ትክ ብላ አየችው።

«የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው?» አለች በአማርኛ።

«ሾፌር።»

«አንቺ ነሽ ታላቋ?»

«የመጨረሻዋ ነኝ።»

«ጢምሽስ?»

ሀዊ ምን ስትናገር እንደነበረ ያኔ ገባት። «ጢሙን ከማን እንዳገኘሁት ብቻ እንዳይጠይቁኝ፣ ማዳም» አለች ቀስ ብላ።

ማዳም አልጠየቀቻትም። ጠረጴዛውን ተደግፋ እስኪበቃት ሳቀች። የገረማት ሌላ ነው፤ ያ ፈረንጅ፣ አንድ አናጢ ይህን ሁሉ የበኩር ልጅ ከየት አመጣ ብሎ አለመጠየቁ።

በማግስቱ ልጆቹን አንድ በአንድ አስገብታ በቃል ፈተነቻቸው። በሚያኮራ ሁኔታ ወደቁ፤ ክፍሉም ተከፈተ። መጨረሻ የገባው ዮሳዲቅ ነበር። ጓደኞቹ ምን እንደመለሱ በር ላይ አጣርቶ ስለነበር፣ ለተጠየቀው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «የስ» አለ።

«አንተስ ጢም አለህ» አለችው ማዳም አገጩን እያየች። አንገቱን ደፋ። እሱንም ተቀበለችው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ እንዲሆን አዘዘች።

እሑድ ጠዋት የሀዊ ፌስታል ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ዋለ። እሷ ካርቲየ ሰባት ፊት ወንበር ላይ ነበረች፤ አንገቷን ወደኋላ፣ ወደ ዮሳዲቅ ጥግ አዙራ።