አራት ጣት ስፌት

«ማሊያዎቹስ?» ብሎ መጠየቅ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነውር ስለሆነ፣ አሰልጣኟ ስኳር ያልገባበትን ሻይ ደጋግማ ታማስለው ነበር። ዓይኗ ግን ወደ ጓዳው በር መሄዱን አልተወም። ከበሩ ጀርባ የስፌት መኪናዋ አለች። አጠገቧ አሥራ ሁለት ሰማያዊ የመረብ ኳስ ማሊያዎች ተደርድረዋል፤ ትከሻቸው ተገጥሟል፣ እጅጌያቸው ተሰፍቷል፣ የቀረው የታችኛው ጠርዝ ብቻ ነው። ጨዋታው እሑድ ነው። ዛሬ ማክሰኞ፣ የሐዘኑ ሦስተኛ ቀን።

የሟቿ ምራት ቴርሞሱን ይዛ ስትዞር ነገሩ ገባት።

«ይደርሳሉ» አለቻት፣ ሻይ የምትጨምር መስላ ጎንበስ ብላ።

«ኧረ እኔ ለእሱ አልመጣሁም።»

«አውቃለሁ። ግን ይደርሳሉ።»

ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተለቃቀሙ ወንበሮች ተጣቧል። ወሬው የሟቿ እጅ ነው። ሰፈሩ «እማማ ሚሊሜትር» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። የሌላ ሰው ስፌት ሁለት ሚሊሜትር ከተዛነፈ ዝም ብለው ማለፍ አይሆንላቸውም። ልባቸውን ሊታዩ ሐኪም ቤት የሄዱ ጊዜ እንኳ የዶክተሩ ጋዋን ኪስ መጣመሙን ሳይነግሩት አልወጡም። ያ ልብ ነው ቅዳሜ ዕለት፣ ካውያ በእጃቸው እንደያዙ፣ ድንገት የቆመው።

«ያ ጠርዛቸው!» አለች አንዲት ጎረቤት። «ሁለት መስመር፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል። የመንታ መርፌ ሥራ ነው ይሉኝ ነበር።»

«ለዚህ ነው መኪናዋን ሰኞ ይዣት የምሄደው» አለች ትልቋ ልጃቸው። ከሌላ ከተማ የመጣች አዋላጅ ናት፤ ሥራው ነው መሰል፣ የምትናገረው ሁሉ ትእዛዝ ይመስላል። ስትቀጥል ግን ድምጿ ዝቅ አለ። «እዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው ያደግሁት። የመኪናዋን ድምፅ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።»

ወንድሟ፣ የምራትየዋ ባል፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በሁለት የተራቆቱ ሽቦዎች መካከል እጅ እንደማይገባ ስለሚያውቅ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ምራትየዋ ቴርሞሱን አስቀመጠች። «እኔስ በምን እሠራለሁ፣ እትዬ?»

«አንቺ ጠርዙን መቼ አወቅሽው? ክፋት እንዳይመስልሽ። የእማዬ ስም ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ መንታ መርፌውን ደግሞ ለማንም አላሳየችም።»

እውነቷን ነው። ምራትየዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለክታለች፣ ቆርጣለች፣ ገጣጥማለች። ጠርዙ ላይ ሲደረስ ግን አማቷ «ስጪኝ» ይሉና ጓዳው ይዘጋል። መንታ መርፌ በአንድ እጀታ ላይ ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት መርፌዎች እንደሆነ፣ ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ እንደሚሰፋ በወሬ ታውቃለች። ሲሠራ ግን አይታ አታውቅም።

«አሥራ ሁለቱን ከጨረስኩስ?» አለች።

«በመንታው?»

«በመንታው።»

አዋላጇ ትክ ብላ አየቻት። «ከጨረስሽማ ያንቺ ናት። እማዬም ብትሆን ለሚያውቅበት እጅ ነበር የምትሰጣት።»

ክፍል ሙሉ ሰው ሰማ። ምራትየዋ ቴርሞሱን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

አሰልጣኟ ብርጭቆ የምትመልስ መስላ ተከተለቻት፤ በሩንም ገርበብ አደረገችው። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ያ ጠርዝ ይበጠሳል። በየዓመቱ። ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ሲዘሉ ብጥስ ይላል። ግማሹን ጨዋታ በመርፌ ቁልፍ ይዘን ነው የምንጨርሰው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችኋቸውም?»

«አንቺ ብትሆኚ ትነግሪያቸው ነበር?»

ምራትየዋ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል በፎጣ አፏን ያዘች። ውጭ ያለው ሰው ለቅሶ መስሎት «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አላት።

አሰልጣኟ ስትሄድ ጓዳ ገባች። ለልክ የተቀመጠውን የአምናውን ቀይ ማሊያ አነሳችና ገለበጠችው። ከላይ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች፤ ከሥርም ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች። ከመሳቢያው የመኪናዋን መጽሐፍ አወጣች። ቋንቋው ባይገባትም ሥዕሉ ግልጽ ነው። መንታ መርፌ ሲሰፋ ከላይ ሁለት መስመር ይወጣል፤ ከሥር ግን አንድ ክር ብቻ ነው፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በዚግዛግ እየተመላለሰ ሁለቱንም የሚይዝ። ጨርቁ ሲሳብ አብሮ የሚለጠጠውም ይኸው ክር ነው።

እማማ ሚሊሜትር መንታ መርፌ ሰፍተው አያውቁም። በአንድ መርፌ አንዴ ሄደው፣ ተመልሰው ከጎኑ ሁለተኛ መስመር ይሰፉ ነበር። ያንን ሁሉ ርቀት፣ ሚሊሜትር ሳይዛነፍ፣ በር ዘግተው።

ተናደደች። ዘጠኝ ዓመት ከበር ውጭ የቆመችው ለዚህ ነበር? መሳቢያውን በንዴት ስትስበው ከነዕቃው ወልቆ እግሯ ሥር ወደቀ። ከጀርባው የተጠቀለለ ጨርቅ ተንከባለለ። በውስጡ የመርፌ ማስቀመጫ አለ፤ ሦስት መንታ መርፌዎች፣ ሁለቱ ሰባራ፣ አንዱ ደህና። ጨርቁ በላይ በላዩ የተሰፋ የሙከራ ጨርቅ ነው። አንዱ መስመር ተጨማዷል። አንዱ እየዘለለ ሄዷል። አንዱ ክሩ ተወሳስቦ ቋጠሮ ሆኗል። አሥራ ሰባት መስመር ቆጠረች፤ አሥራ ስድስቱ ብልሽት ነው። የመጨረሻው፣ አራት ጣት የሚሆነው፣ ልክ ነው። ገለበጠችው። ከሥሩ ዚግዛግ።

ከዚያ ነው የጨርቁን ቀለም ያስተዋለችው። ሰማያዊ። የአምናው ቀይ ነበር፤ ሰማያዊው ቤት ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነው።

ሰማያዊው ጨርቅ የመጣ ዕለት ምን እንዳለች ታስታውሳለች። «እማማ፣ ዘንድሮ እንኳ ጠርዙን ያሳዩኝ።» አማቷ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። «ቆይ» አሉ በመጨረሻ። «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።» እሷ እምቢታ መስሏት ለሳምንት ኩርፊያ ይዛ ነበር።

ወለሉ ላይ፣ ከወደቀው መሳቢያ አጠገብ ተቀመጠች። አሮጊቷ «አላውቅም» ማለት ሞት ሆኖባቸው፣ ሊያስተምሯት ብለው ተደብቀው ሲማሩ ነበር። ያኔ አለቀሰች። ቀብር ላይ ያላወጣችውን ሁሉ አወጣችው።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ ጠያቂው ሲሳሳ፣ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ያላት አንድ ደህና መርፌ ነው፤ ሌላ የሚገኝበትን ሱቅ የሚያውቅ ሰው የለም። እሱ ከተሰበረ ነገሩ ሁሉ አብቅቷል። ስለዚህ የሙከራ ጨርቁን በግራዋ ዘረጋችና እንደ ደብተር አነበበችው። ሰባራዎቹ መርፌዎች ፔዳሉን እንዳትረግጥ ነገሯት። መዘውሩን በእጇ ቀስ አድርጋ ስታዞር የመርፌው ጫፍ የቀዳዳውን ዳር ብረት ሊነካ ሲል አቆመች። የዚግዛግ ማዞሪያው ሰፊ ላይ ነበር፤ ዜሮ ላይ መለሰችውና መርፌዎቹ ከቀዳዳው ውስጥ በሰላም ገቡ። ቋጠሮ የሆነው መስመር ሁለቱ ክሮች በአንድ በኩል መምጣት እንደሌለባቸው አሳያት፤ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አሳለፈች። የተጨማደደው መስመር ክሩ ከመጠን በላይ መጥበቁን ነገራት፤ አላላችው። አንዱ መስመር የተበላሸው ደግሞ በጨርቁ ውስጠኛ ፊት ስለተሰፋ ነው፤ እሷ ውጫዊውን ፊት ወደ ላይ አደረገች። እማማ ሚሊሜትር የተሳሳቱትን ሁሉ ሳትሳሳት አለፈች።

ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ አምስት ማሊያ ወጣ። ሳሎን ውስጥ «ለቅሶ ቤት መኪና ያንጓጓሉ እንዴ?» የሚል ሹክሹክታ ተነሳ። ሰማች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ቀጠለች። ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ አዋላጇን ሶፋው ላይ አየቻት፤ ከመጣች ጀምሮ ዓይኗን ያልከደነችው ሴትዮ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ምራትየዋ ውሃውን ትታ በእግር ጣቷ ተመለሰች፤ የሚሰፋ ነገር ባይኖር እንኳ ባዶ ጨርቅ ትሰፋላት ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቀሩትን አራቱን ጨርሳ አሥራ ሁለቱን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አዋላጇ መነጽሯን አድርጋ የመጀመሪያውን አነሳች። «ስፌት እኔም አውቃለሁ» አለች፤ «እኔ የምሰፋው ሰው ስለሆነ ነው የማይታየው።» ጠርዙን በጣቷ ተከተለች፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ገለበጠችው፤ ፊቷም ተለወጠ።

«ይሄ ምንድነው? ከሥር ተዝረክርኳል።» ቀዩን ማሊያ ከጓዳ አምጥታ አጠገቡ ዘረጋች። «እዪ የእማዬን። ከላይም ሁለት፣ ከሥርም ሁለት። አልቻልሽበትም፣ የእኔ እህት።»

ባልየው ከጫማው ላይ ቀና አለ። ምራትየዋ ቀዩን ማሊያ በሁለት እጇ ያዘችው። አንዴ ብትስበው ብጥስ ይላል። ዘጠኝ ዓመቱም፣ የተዘጋው በርም፣ እውነቱም አብሮ ይወጣል፤ መኪናዋም የሷ ትሆናለች። ጣቶቿ ጨርቁን ጨበጡ።

አጣጥፋ አስቀመጠችው። ሆድ ይፍጀው።

«ሰማያዊውን ሳቢው፣ እትዬ። በደንብ።»

አዋላጇ ሳበችው። ጠርዙ ተለጠጠ፣ ሲለቀቅም ወደ ቦታው ተመለሰ። ደግማ ጠንከር አድርጋ ሳበችው፤ አንድም ክር አልተበጠሰም። እጇ ወደ ቀዩ ሲዘረጋ ምራትየዋ መዳፏን ላዩ ላይ አሳረፈች።

«እሱን ተይው፤ ያረጀ ነው። እማማ ዘንድሮ አሠራሩን ለውጠውት ነበር።»

«ማን አሳየሽ?»

«እሳቸው ናቸው ያሳዩኝ።»

«መቼ?»

«ቆይ፣ መጣሁ።»

ጓዳ ገብታ የሙከራ ጨርቁን ዘረጋች፣ ማስመሪያ አስደገፈች፣ የመጨረሻዋን አራት ጣት ስፌት ሚሊሜትር ሳታዛንፍ ቆርጣ አወጣች። ይዛላት ወጣች።

«በመጨረሻ የሰፏት ይህቺን ነው» አለቻት።

አዋላጇ ቁራጯን ተቀበለች። ገለበጠቻት። በአውራ ጣቷ ዚግዛጉን ወዲያና ወዲህ ዳሰሰችው። ቁራጯን ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተች። «ለአሰልጣኟ ደውልላት» አለች ለወንድሟ፤ እንደ ልማዷ በትእዛዝ። ወደ ምራትየዋ ዞረች። «በዓመት አንዴ መጥቼ እዚያ ክፍል እተኛለሁ። ትሰፊልኛለሽ።»

«እሰፋልሻለሁ፣ እትዬ።»

ምራትየዋ ወደ ጓዳ ተመለሰች። አሥራ ስድስቱ ብልሽት መስመሮች የቀሩበትን ጨርቅ አንስታ በእጇ መዳፍ አስተካክላ ለሁለት አጠፈችው። ሥራ ሲያልቅ አማቷ ሁልጊዜ ያደርጉት እንደነበረው፣ ከመርፌው ሥር አስገባችው። ጨርቅ የሚጫነውን የመኪናዋንም እግር ቀስ ብላ ላዩ ላይ አወረደች።