በኋላ ወንበር በኩል

«ቁልፍ ሰብሮ የመኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ያስቀረ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው!» አለ አጎትየው፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። «ነፍሱን ይማረውና ወንድሜ ብሩሽ ሲይዝ ግድግዳውን መስታወት ያስመስለዋል፤ ቁልፍ ስትሰጡት ግን በቃ፣ እጁ እንጨት ነው!»

ለቅሶ ደራሾቹ በእንባቸው መሀል ሳቁ። ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ትንሽ ትንሽ መሳቅ ተጀምሯል። የሟች ልጅ ብቻ አልሳቀም። በር አጠገብ ተቀምጦ የጫማውን ጫፍ ያያል። መካኒክ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ «እጁ ወርቅ» ይለዋል። ያን ቁልፍ የሰበረው እሱ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አባቱ የኋላ ኮፈኗ አልከፈት ያለችውን አሮጌ መኪናውን እያንቋቋ ጋራዡ ድረስ ይዟት መጣ። ልጅየው ደግሞ አዲስ መኪና ካመጣ ደንበኛ ጋር ቆሞ ነበርና አሮጊቷ መኪና አሳፈረችው። ቶሎ ሊገላገላት ብሎ፣ ዘይት እንኳ ጠብ ሳያደርግ፣ የኮፈኑን ቁልፍ በፒንሳ ይዞ ጠመዘዘው። ቀጭ! ጫፉ ውስጥ ቀረ። ደንበኛው ያያል። የልጁ ፊት ሲቀላ አባት ፈጠን ብሎ፣ «የኔው ጥፋት ነው፤ ቤት ስታገል አጣምሜው ነው የመጣሁት» አለ። ልጅየውም አላስተባበለም። «ነገ እሠራልሃለሁ አባዬ» ብሎ ሸኘው። ያ ነገ ሳይመጣ አባትየው አረፈ።

«ና እስቲ» አለችው እናቱ ቀስ ብላ። «የሠርጋችንን ፎቶ አምጣልኝ። ባለፈው ሳምንት አባትህ ፍሬም አስገብቶት ኮፈኑ ውስጥ ነው ያለው።»

«ኮፈኑ መቼ ይከፈታል እማዬ? እንዴት አድርጎ አስገባው?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ፣ በኋላ ወንበር በኩል።»

«ሁልጊዜ?»

«የቀለም ጣሳውን፣ ብሩሹን፣ ሁሉን በዚያ አይደል እንዴ የሚያወጣው? ወንበሩን አጥፎ፣ ተንበርክኮ… ‹ልጁ ሥራ ይበዛበታል፣ እንዳትነግሪው› ብሎኝ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ወጣ። የኋላውን ወንበር ሲያጥፍ አንዲት ትራስ አገኘ፤ ነጭ ቀለም የነካካት፣ መሀሏ ሁለት ቦታ የጎደጎደ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ጉልበት ነው ያጎደጎዳት። እሱም እዚያው ላይ ተንበረከከ። የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ይዞ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ብሎኖቹን ፈታ፣ የመቆለፊያውን ምላስ በካቻቢቴ ገፋ አደረገ፤ ኮፈኑ ብድግ አለ። መቆለፊያውን አውጥቶ ዘይት ጠብ አደረገበትና በቀጭን ሽቦ ነካካው። የተሰበረችው ጫፍ መዳፉ ላይ ወደቀች። ሁሉም ነገር ተደምሮ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ዐሥር ደቂቃ! ኮፈኑን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ፎቶውን አምጥቶ እናቱ እቅፍ ላይ አስቀመጠው።

«እሰይ!» አለ አጎትየው። «እጁ ወርቅ ማለት እንዲህ ነው! አባቱ ያበላሸውን…»

«አባዬ አይደለም የሰበረው።» የቁልፉን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እኔ ነኝ ጋሼ። ሰው ፊት እንዳላፍር ብሎ ነው በራሱ ያሳበበው። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ስትስቁበት ዝም ብዬ አየሁ።»

አጎትየው ብርጭቆውን አነሳና ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። ጥግ ላይ አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ የሆነ ነገር አንሾካሾከች። ልጅየው የሚገባበት ጠፍቶት ቆመ።

እናቱ ፎቶውን ወደ ጎን አደረገችው። ጎንበስ አለችና ከትራሷ ሱሪው ጉልበት ላይ የተጣበቀውን የደረቀ ነጭ ቀለም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው ለባሏ ታደርግ እንደነበረው፣ በእጇ አራገፈችለት።