የሬሐና ጃኬት

ሬሐና የሞተችበትን ጃኬት እናቷ አጥበው፣ ተኩሰው፣ በፌስታል አድርገው ወደ አዳራሹ ይዘው መጡ።

ብርቅዬ በዚያ ሰዓት ጥግ ላይ ካለው የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ጓንት እየጠጋገነች ነበር። የቡራዩ የፌንሲንግ ክለብ አዲስ ዕቃ የመግዛት አቅም የለውም። ልጆቹ በሰይፍ ሲጋጠሙ የሚለብሱት ጃኬትም ሆነ ጭንብል ከውጭ በእርዳታ የመጣ ልባሽ ነው። የተቀደደውን የምትሰፋው፣ የማይጠገነውን የምትጥለው እሷ ናት። የሬሐና ጃኬት ብብቱ ሥር የተተረተረ ጊዜም የሰፋችው እሷው ነበረች።

በሳምንቱ ሱሉልታ ላይ የወዳጅነት ግጥሚያ ነበር። የተጋጣሚዋ ሰይፍ መሐል ላይ ተሰበረ። ልጅቷ ወደ ፊት የጀመረችውን ግስጋሴ መግታት አልቻለችም፤ ስባሪው በሬሐና ቀኝ ብብት ሥር ገባ። ሬሐና ሆስፒታል ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች።

ሰይፍ አንዳንዴ ይሰበራል፤ ጃኬቱ የሚለበሰውም ለዚያ ቀን ነው። ስለዚህ ብርቅዬ ከቀብሩ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ትፈልግ ነበር፤ የተከፈተው የእሷ ስፌት ይሆን? ጃኬቱ ፖሊስ ዘንድ ስለነበር ልታየው አልቻለችም። ማንም ደግሞ አልጠየቃትም።

«አሰላሙ አለይኩም። ሰው የለም እንዴ?»

ብርቅዬ ደንግጣ ተነሳች። «እትዬ መብሩካ! ይግቡ፣ ይግቡ፤ ይቀመጡ።»

«ልቀመጥማ። ይሄ ደረጃችሁ ሰው ይገድላል» አሉ። ያሉት ለራሳቸው ሲሰማቸው ወሬ ቀየሩ። «አሰልጣኙስ፣ ኦቦ ገመቺስ?»

«ሰበታ ሄዷል። ጭንብል የሚሰጠን ሰው ተገኝቶ።»

«ይሄኔ እሱም አሮጌ ነው።»

«እኛ ጋ አዲስ የሚባል ነገር መቼ መጥቶ ያውቃል፣ እትዬ።»

«ለዚያ ነው እኔም የመጣሁት።» ጃኬቱን አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። መስቀያው ላይ ከተደረደሩት ጃኬቶች ሁሉ ይልቅ ይነጣ ነበር። «ፖሊሶቹ የመለሱልኝ ደሙ ደርቆበት ነው። ደጋግሜ ዘፈዘፍኩት። እይው፣ አሁን ምልክት የለውም። ሌላ ልብሷን ሁሉ ሰደቃ ሰጥቻለሁ። ይሄን ግን ለመንገድ ሰው ብሰጠው ምን ያደርግለታል? እዚሁ አንዷ ትልበሰውና ለልጄ ዱዓ ታድርግላት። ቀዳዳውን አንቺ ትደፍኚዋለሽ።»

ብርቅዬ ጃኬቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደችና ገለበጠችው። ድርብ አድርጋ የሰፋችው ክር ከእጅጌው እስከ ጎኑ ድረስ እንዳለ አለ። አንድም ቦታ አልተከፈተም። ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ደስታዋ አሳፈራት።

ቀዳዳው ከስፌቱ ዝቅ ብሎ ነው፣ ያልተሰፋው ጨርቅ ላይ። ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው። ደህና ጨርቅ በኃይል ሲበሳ ክሩ ተስቦ ይወጣል፤ ይሄኛው ግን አጭር አጭር ሆኖ ተቆርጧል፣ ሲነኩትም ይረግፋል። በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። እንደ ወረቀት ተተረከከ። ሰይፍ ያልነካውን የደረቱን በኩል ሞከረች። እሱም ተተረከከ። ሁለት ሰው ቢጎትተው መቀደድ የሌለበት ጨርቅ ነው።

«እትዬ፣ በምንድን ነው የሚያጥቡት?»

«በምን ይሆናል! በሳሙና አሽቼ በረኪና ውስጥ አሳድረዋለሁ። ሱቄ ሙሉ በረኪና እያለ ልጄ ቢጫ ለብሳ ሰው ፊት ትቁም? ገመቺስ ‹ሙሽራዋ መጣች› ይላት የነበረው እኮ በእኔ እጥበት ነው።» ፈገግ አሉ።

«ሁልጊዜ?»

«ከልምምድ በመጣች ቁጥር። ያቺን ከውስጥ የምትለብሳትን የብብት መከላከያም አብሬ።»

ብርቅዬ ያን ስፌት የሰፋች ቀን በዚህ ጨርቅ ላይ ወትሮ እምቢ የሚላት መርፌ ያለ ምንም ችግር ሲገባላት ትዝ አላት። መርፌው አዲስ ስለሆነ ነው ብላ አልፋው ነበር።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ጨርቁ አርጅቷል፣ ለሰው አይሰጥም ብትል እትዬ መብሩካ አመስግነው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። «ይሄ ጨርቅ እኮ አርጅቷል» ብላ ጀመረች።

«ካረጀ ምን ይደረጋል። እንግዲያው የልጆቹን ሁሉ ልብስ ስጪኝ፤ በየሳምንቱ አጥቤ እመልሳለሁ። ሰደቃዋ እሱ ይሁን። እሷ እያለችም አንዳንዱን ታመጣልኝ ነበር፣ የዚያችን የጓደኛዋን የፌኔትን ‹እማ፣ የሷም እንደኔ ይንጣ› ብላ።»

ብርቅዬ ወደ መስቀያው ዞር አለች። ፌኔት ከሰዓት በኋላ ልምምድ አላት።

«እትዬ መብሩካ፣ በረኪና ይህን ጨርቅ ይበላዋል።»

«ይበላዋል ማለት?»

«ሲያዩት ደህና ይመስላል። ጥንካሬው ግን ያልቃል። ሰይፍ ማስቆም አይችልም።»

«የሷም?»

«የሷም።»

«ቆይ እንጂ። ሰይፉ ነው የተሰበረው። ፖሊሱ እንደዚያ ነው ያለኝ።»

«አዎ፣ ሰይፉ ተሰብሯል።»

«አንቺም ሰፍተሽዋል።»

«ሰፍቼዋለሁ። ስፌቱ አልተከፈተም፣ ይኸው ይዩት። ግን መርፌው እንደዚያ ሲገባልኝ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም።»

«ጎበዝ» አሉ እትዬ መብሩካ። «ከራስሽ አውርደሽ ለእኔ አሸከምሽኝ።»

እትዬ መብሩካ ጃኬቱን ከብርቅዬ እጅ ወሰዱና ደረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎተቱት። ተቀደደ። ጀርባውን ጎተቱት። እሱም ተቀደደ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ሱቃቸው የመጣን ዕቃ እንደሚፈትሹት ነበር የሚፈትሹት።

«ማንም አልነገረኝም» አሉ።

«ገመቺስ ለልጆቹ ነግሯቸው ነበር። ወደ እናት የላከ ግን የለም።»

«ነግራኝ ይሆን?» ዓይናቸውን ከጨርቁ አላነሱም። «ሱቅ ሰው ሲበዛብኝ እየመጣች ብዙ ነገር ታወራኛለች። እሺ፣ እሺ እላታለሁ። ምን እንዳለችኝ ግን አልሰማም።»

ከዚያ ተነስተው ወደ መስቀያው ሄዱ። «የፌኔት የቱ ነው?»

ብርቅዬ አሳየቻቸው። አውርደው ጎተቱት። መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ብብቱ ጋ ሲደርሱ ተተረከከ። መሬት ላይ ጣሉትና ከጎኑ ያለውን አወረዱ።

«ያ የገመቺስ ነው። እሱን እርስዎ አላጠቡትም።»

ያንንም ጎተቱት። አልተቀደደም። ብብቱን ሞከሩ፣ ደረቱን ሞከሩ። እግራቸውን ተክለው፣ ሻሻቸው ከራሳቸው እስኪንሸራተት ድረስ ጎተቱት። አልተቀደደም።

«ነይ ያዢልኝ» አሉ።

«እትዬ፣ ይተዉት፣ ይበቃል።»

«ያዢው አልኩሽ!»

ብርቅዬ አንዱን ጎን ያዘች። ሁለቱም ባለ በሌለ ኃይላቸው፣ አንዷ ወደ መስኮቱ፣ አንዷ ወደ በሩ ጎተቱት። አልተቀደደም።