የተቆጠበው እንክብል

የካቲት ፲፱ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.፣ ስልሳ ስምንት ዓመት በሞላኝ ጊዜ፣ ባለቤቴን ይዤ ወደ ሐኪሟ ሄድሁ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ለብዙ ዓመታት አንጀቷ ይቆስል ነበር፤ አንጀቷ ሲብስባት ክንዶቿና ጣቶቿ ቀልተው ይሰነጠቃሉ። ደሟ ነጭ ጨርቅ እንዳይነካ ጣቶቿን በመሐረብ ጠቅልላ የምትሰፋበት ጊዜ ነበር።

ባለፈው ክረምት ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት እንድትወስድ ተመርጣ ነበር። ፔፕታይድ ይሉታል፤ የፕሮቲን ቁራጭ እንደ ማለት ነው። የአንጀትንና የቆዳን ብግነት ያበርድ እንደ ሆነ ሊታይ ነበር። ሐኪሟ፣ «ያድናል አላልኋችሁም፤ እናያለን ነው ያልሁት» ብላ አስጠነቀቀችን። እኔ ማንበብ የተማርሁት በስተርጅና ስለ ሆነ፣ የስምምነቱን ወረቀት ቀስ እያልሁ ለባለቤቴ አነበብሁላት። ጥናቱ በየካቲት እንደሚያበቃ፣ ለውጡ ለጸናላቸው ግን መድኃኒቱ አንድ ዓመት እንደሚጨመርላቸው ይናገራል።

«ይጨመርላቸዋል ተብሎ መጻፉንማ ይጻፋል» አለችኝ። «ሲጨመር ያየ ማን ነው?»

መድኃኒቱ ሠራ። ሆዷ ጸጥ አለ፤ ቆዳዋ ገጠመ። አንድ ቀን እጅጌ አጭር ቀሚስ ለብሳ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት።

«ምን ያፈጥጥሃል? ክንድ አይተህ አታውቅም?»

«ይህን ክንድ አላውቀውም።»

«እንግዲያው ተዋወቀው» አለችና ሳቀች።

ጥር ሲጋመስ መቅላቱ ተመለሰ። ብርዱ ነው አለችኝ፤ አመንኋት።

በዚያ በየካቲት ቀን ሐኪሟ የመጨረሻውን ምርመራ አደረገች። ባዶውን የእንክብል ጠርሙስ ተቀብላ ክንዶቿን በብርሃን አገላብጣ አየች።

«እማማ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ወስደዋል?»

«ወስጃለሁ፣ ልጄ።»

ሐኪሟ፣ «እንግዲህ መድኃኒቱ አልዘለቀልዎትም ማለት ነው» አለች። «ተጨማሪው ዓመት ለውጡ ለጸናላቸው ነው። አዝናለሁ።»

የባለቤቴ ፊት አመድ መሰለ። «ለውጡማ ጸንቶ ነበር» አለች። «ያቋረጥሁት እኔ ነኝ። አንዱን ቀን እየዋጥሁ አንዱን ቀን አስቀምጥ ነበር። ስታቆሙብኝ የምይዘው እንዲኖረኝ ብዬ ነው። ቤት አሉልሽ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በክር ቆርቆሮዬ።»

ቆርቆሮውን ከወተቱ ኋላ አይቼው ነበር። ክር ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጧን የእርጅና ነገር አድርጌው፣ እንዳላሳፍራት ዝም ብያለሁ።

«እንግዲያው ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይደለም» አልሁ። «ከዛሬ ጀምራ በሥርዓት ትዋጠውና በወሩ ይዩአት።»

«አባቴ፣ የሚመዘገበው ዛሬ የታየው ነው። በዚያ ላይ፣ እንደ ታዘዘው ያልወሰደ ሰው አይቀጥልም።»

«የሚፈቅደው ማን ነው? ሄጄ ልለምነው።»

ሐኪሟ ስልኩን አንሥታ ለበላዮቿ ደወለች። ስለ ባለቤቴ መልካም መልካሙን ተናገረች፤ ከዚያ ወዲያ «ገባኝ... ገባኝ» ብቻ እያለች ቆየች። ስልኩን ስታስቀምጥ ዐይኖቿ ወደ እኛ አልመጡም።

«ያስቀመጧቸውንም ይመልሱልኝ፣ እማማ» አለች። «ያለ ክትትል መውሰድ አይፈቀድም።»

ባለቤቴ አልተከራከረችም። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው ዝም አልህ? ስደበኝ እንጂ።»

«ስድቡ ጠፋኝ» አልኋት።

«የራሴን ነበር እኮ የቆጠብሁት።»

እኔ አናጢ ነኝ፤ እግሩ የተሰበረ ወንበር ቢያመጡልኝ ከየት እንደምጀምር አላጣም። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ግን እጆቼን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ከመቀመጥ በቀር የማደርገው አልነበረኝም።

በማግስቱ እንክብሎቹን ወስጄ አስረከብሁ። ስመለስ ባለቤቴ የሰው ነጭ ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጣቶቿን በመሐረብ ለመጠቅለል ትታገል ነበር። በአንድ እጅ ቋጠሮው አልያዝ ቢላት እጇን ዘረጋችልኝ፤ ቋጠርሁላት።

ይህን የጻፍሁት ከትዝታዬ ነው። የመድኃኒቱን ጠባይ አዛብቼ፣ ወይም ያችን ሐኪም ካለችው በላይ አናግሬያት እንደ ሆነ፣ የሚያውቅ ሰው እንዲያርመኝ እለምናለሁ።